ኦቲዝም ያለበት ልጅ ራሱ የሚመራው ጨዋታ

በሰሜን ወሎ ዞን፣ በወልድያ፣ በመርሳም ሆነ በሐብሩ የገጠር ቀበሌዎች፣ አፉን ሳይፈታ የዘገየ፣ ስሙ ሲጠራ ዞር የማይል፣ የወፍጮ ድምፅ ሲሰማ ጆሮውን ይዞ የሚጮህ ልጅ ያለው ቤተሰብ ከጎረቤት ቶሎ የሚደርሰው ጥያቄ «ምን ነክቶት ነው?» የሚል ነው። በአዲስ አበባ ሁለት የሕፃናት አእምሮ ጤና ክሊኒኮች የአእምሮ እድገት እክል ያለባቸው ልጆች 102 አሳዳጊዎችን ያነጋገረና እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት ከጥያቄው ጀርባ ያለው አስተሳሰብ ምን ያህል እንደሚከብድ ያሳያል። 40 በመቶው የልጁን ሁኔታ ከመንፈስ ጋር አያይዘውታል፤ 45 በመቶው አፍረዋል፤ ሩብ ያህሉ ደብቀውታል። ከምንም በላይ የጎደላቸው ግን ለልጃቸው የሚሆን ትምህርት ነበር፤ ሦስት አራተኛ ያህሉ ይህን ተናግረዋል። እነዚህ ክሊኒክ የደረሱት ናቸው። ያልደረሰችው እናት ደግሞ ጥፋቱን በራሷ ላይ ጭና ቤቷን ዘግታ ትቀመጣለች፤ ኦቲዝም ግን የአእምሮ እድገት ልዩነት እንጂ የእናት ጥፋት አይደለም።

የእኔ ክርክር፣ እርዳታው ልጁን ሌላውን እንዲመስል ከማስገደድ ሳይሆን የሚወደውን ከመከተል መጀመር አለበት የሚል ነው። ቆርኪ ማሽከርከር የሚወድ ልጅ ቆርኪውን መቀማት የለበትም። እናቱ ፊት ለፊቱ ተቀምጣ ሌላ ቆርኪ ታሽከርክር፣ ትጠብቅ፤ ቀና ሲል «ዞረ!» ትበል። ያቺ ቅጽበት የመግባባት መጀመሪያ ናት። የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀውና በአገራችንም የተሞከረው የአሳዳጊዎች ሥልጠና በዚሁ ሐሳብ ላይ የቆመ ነው፤ ዘጠኝ የቡድን ትምህርትና ሦስት የቤት ጉብኝት አለው። ሰዓት የለኝም ለምትል እናትም የተለየ ሰዓት አይጠይቅም፤ ልጅ ሲታጠብ፣ ሲበላ፣ ቡና ሲፈላ ይሠራል። ሕንድና ፓኪስታን ውስጥ ተመሳሳይ ድጋፍ የሰጡት ስፔሻሊስቶች ሳይሆኑ የሠለጠኑ የማኅበረሰብ ሠራተኞች ነበሩ፤ እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው ውጤትም ወላጆች ለልጃቸው ምልክት የሚሰጡት ምላሽ መሻሻሉን አሳይቷል።

«መቀበል ማለት መተው ነው» የሚሉ አሉ። አይደለም። ራሱን የሚነክስ ልጅ ከመገሠጹ በፊት ምን እንዳመመው፣ የትኛው ጩኸት እንዳስጨነቀው፣ ምን መጠየቅ እንዳቃተው ይጠናል፤ ውኃ ሲፈልግ ሥዕል አንሥቶ ማሳየትን ይማራል፣ ሽንት ቤትም ይለምዳል። የሚተወው፣ ማንንም የማይጎዳውን እጅ ማወዛወዝ ለማስቆምና ዓይን ለዓይን እንዲያይ ለማስገደድ የሚወጣው ጉልበት ነው። ጸበልና ዱዓን በተመለከተ፣ ቤተሰብ በእምነቱ ቢጽናና የሚቃወም የለም። መታሰር፣ መደብደብና ኦቲዝም ባለባቸው ልጆች ላይ በብዛት የሚታየውን የሚጥል በሽታ መድኃኒት ማቋረጥ ግን ልጁን ይጎዳሉ፤ እዚህ ላይ የካህኑና የሼኹ ቃል ከሐኪም ቃል የበለጠ ይሰማልና እነሱም ይናገሩ።

ማእከል እስኪሠራ እንጠብቅ ማለትም አያዋጣም። ኦቲዝም ያለበት ልጅ እናት የነበሩት ዘሚ የኑስ አዲስ አበባ ላይ ጆይ የተባለውን የኦቲዝም ማእከል የከፈቱት እ.ኤ.አ. በ2002 ነው፤ ከዚያ ወዲህ የተከፈቱትም በአብዛኛው እዚያው መዲናዋ ውስጥ ናቸው። ወልድያ ደግሞ በ2014 ዓ.ም. ጦርነት የተዘረፈ ሆስፒታሏን ስታቋቁም የቆየች ከተማ ናት። ቤት ለቤት የሚዞሩት የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ግን በየቀበሌው አሉ። የዞኑ ጤናና ትምህርት መምሪያዎችና የሐብሩ ወረዳ ጤናና ትምህርት ጽሕፈት ቤቶች ከላይ ያነሣሁትን የአሳዳጊዎች ሥልጠና ለእነሱና ለአንደኛ ደረጃ መምህራን ይስጡ፤ ወላጆችም ልጃቸውን ይዘው ይውጡ፣ ትምህርት ቤት ያስመዝግቡ።