ነፋስን ያሠራ የጡብ ቤት

ስለ ሕንፃ ጥበብ ሲነገር የብዙ ሰው ሐሳብ ወደ ቤተ መንግሥትና ወደ ካቴድራል ይሄዳል። ይሁን እንጂ ጥበብ በእርሻ ቦታም እንደምትገኝ ለመረዳት የሚሻ ሰው፣ በምሥራቅ እንግሊዝ በኖርፎክ አውራጃ የቆመውን የሄልስ ሆል ታላቅ የእህል ቤት ቢመለከት ይበቃዋል።

ይህን ቤት በ15ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ ያሠሩት፣ የንጉሥ ሄንሪ 7ኛ ዐቃቤ ሕግ የነበሩት ሰር ጄምስ ሆባርት ናቸው። ርዝመቱ 56 ሜትር ያህል ነው፤ ግድግዳው ከቀይ ጡብ የተሠራ ሲሆን ክዳኑ ሣር ነው። ኖርፎክ ለግንብ የሚጠረብ ጥሩ ድንጋይ እምብዛም የላትምና ባለጸጎቿ የሸክላ አፈሯን በእሳት እያበሰሉ ጡብ አደረጉት። በዚያ ዘመን ጡብ ውድ ስለ ነበረ፣ ለእህል ቤት ይህን ያህል ወጪ ማድረግ የጌታውን ሀብት ለአላፊ አግዳሚው ማስታወቅ ነበር።

የእንግሊዝ የእህል ቤት አሠራር ሁሉ ከሥራው የመነጨ ነው። ነዶው በግራና በቀኝ ይከመር ነበር፤ መካከሉ አውድማ ነበር። አዝመራ የጫነው ጋሪ እንዲገባ ሰፊ በር ይከፈትለት ነበር፤ በትይዩውም ሌላ በር ነበረ። በብርድ ወራት ሠራተኞቹ በጠፍር የተያያዙ ሁለት ዱላዎች ይዘው እህሉን ይወቁ ነበር። ከዚያም ሁለቱ በሮች ሲከፈቱ ነፋስ በመካከል ያልፍ ነበር፤ በላይዳ ከተበተነውም ገለባውን ይወስድ፣ ፍሬውም ይወርድ ነበር። በግንቡ ላይ የሚታዩት ጠባብ ቀዳዳዎችም ነዶው እንዳይሻግት አየር ማስገቢያዎች ነበሩ እንጂ ጌጥ አልነበሩም።

ነገር ግን በ1786 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር አንድሩ ሜይክል የተባለው የስኮትላንድ ሰው የመውቂያ መኪና ሠራ። መኪናው የብዙ ሳምንት ድካም ቢያቃልልም፣ የቀን ሠራተኛው በብርድ ወራት የሚበላውን እንጀራ ወሰደበት። በ1830 የደቡብና የምሥራቅ እንግሊዝ ሠራተኞች ተነሥተው መኪናዎቹን ሰባበሩ። ከዐመፁ በኋላ 19 ሰዎች ተሰቀሉ፤ ከ400 የሚበልጡትም ወደ አውስትራሊያ ተጋዙ።

ከዚያ ወዲህ ብዙ የእህል ቤቶች ሥራ ፈቱ፤ አንዳንዶቹ ፈረሱ፣ አንዳንዶቹም መኖሪያ ሆኑ። የሄልሱ ቤት በእኛ ዘመን የሰርግ አዳራሽ ለመሆን በቅቷል። ቆሞ ከመፍረስ ይህ ይሻላል። ሆኖም የጥንት ቤት የሚጠብቅ ሰው ጡቡን ብቻ ሳይሆን የበሩንና የቀዳዳውን ምክንያት ጭምር ሊጠብቅ ይገባዋል፤ የጌታው ስም በመጽሐፍ ሲጻፍ፣ የሠራተኛው ታሪክ የተጻፈው በዚያ ላይ ነውና።