በጋብቻ ውስጥ ስላለ ዝምታ

የባልና የሚስት አንድ መሆን በአንድ ቤት ማደር ብቻ አይደለም፤ ደስታንና ኀዘንን መካፈልም ነው። ነገር ግን የራሱን ኀዘን ለይቶ የማያውቅ ሰው ለሌላው ሊያካፍል አይችልም።

በግሪክ አገር ተወልደው በአሜሪካ በቦስተን ከተማ ይሠሩ የነበሩት የአእምሮ ሐኪም ፒተር ሲፍኒዮስ ይህን ጠባይ በበሽተኞቻቸው ላይ ተመልክተው፥ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ «አሌክሲቲሚያ» ብለው ሰየሙት። ቃሉ ከጽርእ የተወሰደ ሲሆን፥ ትርጓሜው «ለስሜት ቃል ማጣት» ማለት ነው። ጠባዩ ራሱን የቻለ በሽታ ተብሎ አይቈጠርም። እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣው የቶሮንቶ መመዘኛ በ20 ጥያቄዎች ሦስት ነገሮችን ይመረምራል፤ እነርሱም ስሜትን ለይቶ አለማወቅ፥ ስሜትን በቃል መግለጽ አለመቻል፥ አሳብንም ወደ ውስጥ ሳይሆን ወደ ውጭ ነገር ብቻ ማዘንበል ናቸው።

እንዲህ ያለው ባል ቢያዝን «ራሴን አመመኝ»፥ ቢፈራ «ደረቴን አፈነኝ» ይላል እንጂ አዘንሁ፥ ፈራሁ አይልም። ሚስቱ እናቷ ሞታባት ስታለቅስ፥ እርሱ ስለ ድንኳኑና ስለ ተዝካሩ እህል ብቻ ይናገራል። በሥራው እየረዳት ሳለ እርስዋ ዝምታውን ንቀት አድርጋ ትተረጕመዋለች። «ምን ተሰማህ?» እያለች ስታስጨንቀው የሚመልሰው አጥቶ ይሸሻል፤ መሸሹም የጥላቻ ምስክር ይሆንበታል። እንዲህ እያሉ ሁለቱም በአንድ ቤት ብቸኞች ይሆናሉ። ጠባዩ በሴትም ይገኛል።

ስለዚህ መለየት ይገባል። «ሆድ ይፍጀው» ብሎ የሚያውቀውን የሚሸሽግ ሰው አለ፤ የሚሸሽገውን እንኳ የማያውቅ ሰውም አለ። ፊተኛው ድፍረት፥ ኋለኛው ቃል ያስፈልገዋል። ኋለኛውን እንደ ፊተኛው ቈጥሮ መገሠጽ ቍስሉን ማስፋት ነው።

ካህኑ ዔሊ የሐናን ድምፅ አልባ ጸሎት ስካር መስሎት እንደ ነበር በመጽሐፈ ሳሙኤል ተጽፎአል። ስሕተቱ የታረመው ሐና ኀዘንዋን በቃል ስለ ገለጠችለት ነው። ቃል ያጣ ሰው ግን የሚፈርድበትን ማረም አይችልምና፥ የነፍስ አባቱ እጥፍ ትዕግሥት ሊኖረው ይገባል። አስቀድሞ «ምን ሆነ? ያን ጊዜ ሰውነትህ ምን ሆነ?» ብሎ ይጠይቀው፤ ቀጥሎም «ኀዘን ነውን? ቍጣ ነውን? ወይስ ፍርሃት?» እያለ ስሙን ያቅርብለት። ሚስትም በሥራው የተገለጠውን ፍቅር ትመልከት። ባልም ችግሩ ስለ ታወቀለት ከመማር አይቦዝን፤ በየማታው አንዲት ቃል እንኳ ፈልጎ ይንገራት። ጭንቀቱ ከበረታም ወደ ሐኪም መሄድ ነውር አይደለም።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።