ቻርጁን የጨረሰው ማን ነው?

ከእንጅባራ እስከ ዳንግላ ያለው መንገድ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ስልኩን ኪሱ ከትቶ ሚኒባስ የተሳፈረ ሰው አዲስ ቅዳምን አልፎ ዳንግላ ሲወርድ አንዳንዴ ባትሪው ካሰበው በላይ ጎድሎ ያገኘዋል። አልደወለም፤ ቪዲዮም አላየም። "ባትሪው ሞቷል፣ መቀየር ነው" የሚለው ፍርድ ወዲያው ይመጣል። አዲስ ባትሪ ተገዝቶ ይገባል፤ በሳምንቱ ያው ችግር ይመለሳል። ምክንያቱም ብዙ ጊዜ ባትሪው ጤነኛ ነው፤ መፈለግ ያለበት ከባትሪው የሚጠጣው ነው።

ዛሬ በብዙዎች እጅ ያለው የአንድሮይድ ስልክ 5,000 ሚሊአምፒር ሰዓት ያህል የሚይዝ የሊቲየም አዮን ባትሪ አለው። ሶኒ እ.ኤ.አ. በ1991 ለገበያ ያቀረበው፣ በ2019 ደግሞ ለሦስት ሳይንቲስቶች የኬሚስትሪ የኖቤል ሽልማት ያስገኘው የባትሪ ዓይነት ነው። ስክሪኑ ጠፍቶ በእውነት የተኛ ጤነኛ ስልክ በሰዓት ከዚህ ባትሪ 1 በመቶ እንኳ አይወስድም። ከዚህ በጣም ከበለጠ ስልኩ ተኝቶ አላደረም ማለት ነው።

መጀመሪያ መጠርጠር ያለበት ኔትወርክ ነው። አንቴናው ቅርብ ሲሆን ስልኩ በጥቂት ኃይል ይገናኛል። ሲርቅ ወይም ኮረብታ ሲጋርደው የሚልከውን ሞገድ ያጠነክራል፤ በ2ጂ ኔትወርክ እስከ 2 ዋት ሊደርስ ይችላል። እንጅባራ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,500 ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ ዳንግላ ከእሷ 400 ሜትር ያህል ዝቅ ትላለች። በመካከሉ ባለው ወጣ ገባ መሬት የሚጓዝ ስልክ አንዱን አንቴና እየለቀቀ ሌላውን ይፈልጋል፣ ከ4ጂ ወደ 2ጂ ወርዶ መልሶ ይወጣል። ሁለት ሲም ካርድ ከገባበት ፍለጋውም ሁለት ይሆናል። አንደኛው መስመር በአካባቢው ኔትወርክ ከሌለው ደግሞ ፍለጋው ቀኑን ሙሉ ላያቋርጥ ይችላል። የማይሠራውን ሲም ከሴቲንግ ማጥፋት ምንም ወጪ የለውም፤ ለውጡ ግን በዚያው ቀን ይታያል።

መብራት ሲጠፋም ይኸው ነገር ይደርሳል። የአንቴናው መጠባበቂያ ኃይል ካለቀ የአካባቢው ስልኮች ራቅ ያለ አንቴና ላይ ይንጠለጠላሉ። ቻርጅ ማድረግ በማይቻልበት ሰዓት ፍጆታው ይጨምራል፤ ሰውም "መብራት ሲጠፋ ባትሪው ቶሎ ያልቃል" ቢል ትክክል ነው። ጥር 23 ቀን እንጅባራ ላይ በሚከበረው የአገው ፈረሰኞች በዓልም ስልክ ቶሎ ቢዘጋ አይገርምም። ካሜራው ይቀርጻል፣ ስክሪኑ ፀሐዩን ለማሸነፍ ብርሃኑን እስከ ጥግ ያደርሳል፣ በሺዎች የሚቆጠሩ ስልኮች በተጨናነቁበት ኔትወርክ ደግሞ ቪዲዮ ለመላክ ደጋግሞ ይሞክራል። ቀረጻውን ይዞ ማታ ቤት ገብቶ መላክ ብዙ ባትሪ ያተርፋል።

ኔትወርኩ ጥሩ ሆኖም ቻርጁ የሚያልቅ ከሆነ ተጠርጣሪው አፕ ነው። ሴቲንግ ውስጥ "ባትሪ" የሚለው ገጽ እያንዳንዱ አፕ የወሰደውን በመቶኛ ያሳያል። ብዙ የተጠቀሙበት አፕ ከላይ ቢሰለፍ ምንም አይደለም፤ የሚያሳስበው ሳይከፈት የዋለው አፕ ሲሰለፍ ነው። ትልልቆቹ ኩባንያዎችም ከዚህ አልዳኑም። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2015 ፌስቡክ የአይፎን አፑ ተዘግቶም ባትሪ ይጨርስ እንደነበር አምኗል። ሰው ቪዲዮ አይቶ ከወጣ በኋላ አፑ ድምፅ እንደሚያጫውት ሆኖ ነቅቶ ይቆይ ነበር። ማስታወቂያም አለ። የፐርዱ ዩኒቨርሲቲና የማይክሮሶፍት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጡት ጥናት፣ በመረመሯቸው ነፃ አፖች ውስጥ ከሚፈጀው ኃይል ከ65 እስከ 75 በመቶው የሚሄደው ከውጭ ለተጨመሩ የማስታወቂያ ክፍሎች ነበር። ገንዘብ ያልተከፈለበት ጨዋታ ዋጋውን ከባትሪና ከዳታ ይቆርጣል።

ጥፋተኛውን ለመለየት አንድ ሌሊት ይበቃል። ማታ 4 ሰዓት ላይ ስልኩ 80 በመቶ ላይ እያለ ኤርፕሌን ሞድ ላይ ይደረግና ይተኛል። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ 77 ወይም 78 ከሆነ ባትሪውም ቦርዱም ደህና ናቸው፤ የሚበላው ኔትወርኩ ወይም ዳታ የሚጠቀም አፕ ነው። 60 ላይ ከተገኘ ግን በማግስቱ ሌሊት ስልኩን በሴፍ ሞድ አስነስቶ መድገም ነው። ሴፍ ሞድ በኋላ የተጫኑትን አፖች ሁሉ ያስቆማል። በዚያ ሌሊት ካልጎደለ ከአፖቹ አንዱ ነው፤ በቅርብ ከተጫነው ጀምሮ አንድ በአንድ ማጥፋት ይቻላል።

ከባትሪው ጋር የአየር ሰዓት ሂሳብም የሚያልቅ ከሆነ ነገሩ ከበድ ይላል። አፕስትሪም የተባለ የሞባይል ደኅንነት ኩባንያ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2020 እንዳስታወቀው፣ በኢትዮጵያ፣ በካሜሩን፣ በግብፅ፣ በጋናና በደቡብ አፍሪካ በተሸጡ ቴክኖ ዳብልዩ 2 ስልኮች ውስጥ ትሪያዳ የሚባል ተንኮል አዘል ፕሮግራም ከሽያጭ በፊት ገብቶ ተገኝቷል። እሱም ኤክስሄልፐር የተባለውን ሌላ ፕሮግራም እያወረደ ባለቤቱ ሳያውቅ በክፍያ አገልግሎቶች ይመዘግበው ነበር። ከመጋቢት 2019 ወዲህ ከ200 ሺህ በላይ በሆኑ ስልኮች ላይ 19.2 ሚሊዮን አጠራጣሪ ግብይቶች ተመዝግበዋል። ኤክስሄልፐር ስልኩ ፎርማት ቢደረግም ተመልሶ ይመጣ ነበር። አምራቹ ትራንሽን ጥፋቱ ከአቅራቢዎቹ በአንዱ በኩል የገባ መሆኑንና ማስተካከያ ማውጣቱን ተናግሯል። በርካሽ የሚገዛው ሰው ቀድሞ ተጎጂ መሆኑ ያሳዝናል። ስልኩ ሳይነካ የሚሞቅበት፣ ሂሳቡ የሚቆረጥበት፣ ዳታውም የሚያልቅበት ሰው አፕዴት መኖሩን ማየትና ያልጠየቀውን የአጭር መልእክት አገልግሎት ማቋረጥ አለበት።

በሴፍ ሞድም የሚጎድል ስልክ የጥገና ባለሙያ ሥራ ነው። ባለሙያው ባትሪውን ነቅሎ ቦርዱን ከኃይል መስጫ መሣሪያ ጋር ያገናኛል፤ 4 ቮልት ገደማ ይሰጠውና ስልኩ ሳይበራ የአምፒሩን ቁጥር ያያል። ዜሮ አካባቢ ከቆመ ደህና ነው፤ ከፍ ካለ ቦርዱ ላይ የሚያፈስ አለ። ብዙ ጊዜ ውሃ የነካው ስልክ ነው። ቦርዱን አልኮል ሲቀባው የሚያፈሰው እቃ ስለሚሞቅ ከሌላው ቀድሞ የሚደርቀው እሱ ላይ ያለው ነው። ከሩዝ ነጠላ ፍሬ የምታንስ ካፓሲተር ልትሆን ትችላለች።

ባትሪው ራሱ የሚያረጅበትም ጊዜ አለ። ብዙዎቹ ወደ 500 ጊዜ ሙሉ ቻርጅ ከተደረጉ በኋላ ከመጀመሪያ አቅማቸው 80 በመቶ ገደማ ይቀራቸዋል። አፕል እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2017 ያረጀ ባትሪ ያላቸውን አይፎኖች ፍጥነት መቀነሱን አምኖ ይቅርታ የጠየቀውና የባትሪ መቀየሪያ ዋጋን ከ79 ወደ 29 ዶላር ያወረደው ከዚሁ የተነሳ ነው። ያረጀ ባትሪ በብርድ ይብሳል። በእንጅባራ ማለዳ 20 በመቶ እያለው ድርግም ብሎ የሚጠፋ፣ ኪስ ውስጥ ሞቅ ሲለው የሚነሳ ስልክ በርግጥም ባትሪ ይፈልጋል። የስልኩ ጀርባ ካበጠ ደግሞ ጊዜ አይሰጥም፦ ቻርጅ ማድረግ ይቁም፣ ማንም እንዳይጫነው ወይም እንዳይወጋው ይደረግ፣ ከሚቀጣጠል ነገር ርቆ ወደ ጥገና ቤት ይወሰድ።