የእኛ ውርጭና የሩቅ አገር በረዶ

ኅዳር ሲገባ ደብረ ብርሃን ላይ ብርዱ ይጠናል። ሰማዩ ከጠራ የመሬቱ ሙቀት ሌሊት ወደ ላይ ያመልጣል፤ ጠዋት ሣሩ በውርጭ ነጭቶ እናገኘዋለን። ውርጭ የመታው ባቄላ ይጠቁራል።

በሩቅ ብርዳም አገሮች በረዶ ምድሩን ለወራት ይሸፍናል። እንደ እኛው በረዶ ጠጠር አይደለም፤ እንደ ባዘቶ የላላ ነው። ሲከመር ለአፈሩ ጋቢ ይሆነዋል። ብርዱ ሲያልፍ ቀልጦ ወንዙን ይሞላል። በብዙው ሳይቤሪያ ከሥር ያለው መሬት ዓመት እስከ ዓመት በብርድ እንደ ድንጋይ ጠንክሮ ስለሚኖር፣ ውሃው ወደ ታች አይሰርግም፤ ወደ ወንዝ ይሮጣል።

የእኛ ውርጭ ግን ፀሐይ ስታየው ይጠፋል። ወንዛችን በሬሳ በበጋ የሚፈሰው ክረምት አፈር ውስጥ በሰረገው ዝናብ ነው። ሣሩ ተግጦ ባለቀበት ዳገት ዝናቡ ብዙ አይሰርግም፤ ጎርፍ ሆኖ አፈራችንን ይዞ በጀማ በኩል አባይ ይገባል። ከአንኮበር በምሥራቅ የወረደውም አዋሽን ይዞ ይሄዳል። የዚያ ዳገት ምንጭ ቶሎ ይደርቃል።