ተራራ ሞልቶ መዝለያ የለም

ከኮልፌ ቀራኒዮ፣ ከአየር ጤና በኩል ወደ ምዕራብ ላየ ሰው ወጨጫ ይታየዋል፤ ከፍታው ከ3,300 ሜትር ይበልጣል። የክረምት ኦሊምፒክ የስኪ ዝላይ በቴሌቪዥን ሲመጣ «ይህን ሁሉ ቁልቁለት ይዘን እኛስ ለምን አንዘልም?» የሚል አይጠፋም። የተለመደው መልስ «በረዶ የለማ!» ነው። ኮልፌ የሚያውቀው በረዶ በክረምት ቆርቆሮ የሚደበድበውን ነው፤ አማርኛም ለዚህኛውና ለስኪው በረዶ አንድ ስም ሰጥቶ አረፈው።

በረዶ ግን ሰበብ መሆኑ ካበቃ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ1954 ምሥራቅ ጀርመናዊው ሀንስ ሬነር መዝለያ ላይ የፕላስቲክ ምንጣፍ አነጠፈ፤ ውሃ እየተረጨበት በበጋም ይዘለልበታል። ከ1994 ወዲህ በዚህ ምንጣፍ ላይ ዓለም አቀፍ የበጋ ውድድር አለ።

የጎደለው መዝለያው ነው። መዝለያ ደግሞ ከተራራ ይልቅ ለሕንፃ ይቀርባል። ዘላዩ በትልቁ መዝለያ በሰዓት 90 ኪሎ ሜትር ገደማ ተንደርድሮ ጫፉ ላይ ይደርሳል። ጫፉ ሽቅብ የተቃና ይመስላል፤ እውነቱን ለመናገር ግን 11 ዲግሪ ያህል ወደ ታች ያዘነበለ ነው። ሰውየውን የሚያስፈነጥረው የገዛ እግሩ ነው፤ ከዚያ ስኪዎቹን እንደ «ቪ» ከፍቶ አየር ላይ ይተኛል። ማረፊያውም በረራውን ተከትሎ ቁልቁል ስለሚወርድ ከመቶ ሜትር በላይ የሄደ ሰው ከመሬት የሚርቀው ጥቂት ሜትር ብቻ ነው። ሜዳ ላይ ቢያርፍ እግር አይተርፈውም። ወጨጫ እንደተፈጠረ ለዚህ አይሆንም።

ነጥቡም ከግንባታው ጋር የተቆራኘ ነው። እያንዳንዱ መዝለያ «ኬ» የሚባል የተለካ መስመር አለው፤ በትልቁ መዝለያ እዚያ ያረፈ 60 ነጥብ ያገኛል፣ ለያንዳንዱ ተጨማሪ ሜትር 1.8 ይጨመርለታል። ስለዚህ የዓለም አቀፉ የስኪ ፌዴሬሽን ቅርጹን ለክቶ ካላጸደቀ ውድድር የለም። የኢትዮጵያ አንባቢ ይህን ለመረዳት አይቸገርም፤ ዋልያዎቹ በ2022 ግብፅን 2 ለ 0 ያሸነፉት «በሜዳቸው» ሆነው ማላዊ ውስጥ ነበር፣ አገር ቤት ካፍ የሚቀበለው ስታዲየም ስላልነበረ።

ማጽደቁም ዕድሜ አይሆንም። ለ1984ቱ የሳራዬቮ ኦሊምፒክ ኢግማን ተራራ ላይ የተሠሩት መዝለያዎች በ1990ዎቹ ጦርነት ተመትተው ዛሬ ጎብኚ ፎቶ የሚነሳባቸው ፍርስራሽ ናቸው።

ለ1980ው ኦሊምፒክ የተሠሩት የሌክ ፕላሲድ መዝለያዎች ግን ታድሰው በ2023 የዓለም ዋንጫ አስተናግደዋል። አዲስ አበባ የተወለደው ሮቤል ተክለማርያም ስኪ የተማረው በዚያው በሌክ ፕላሲድ ነው። ሆኖም የመረጠው ዝላዩን ሳይሆን አገር አቋራጩን ነበር። በ2006 ቱሪን ላይ የኢትዮጵያ የመጀመሪያው የክረምት ኦሊምፒክ ተወዳዳሪ ሆኖ በ15 ኪሎ ሜትር 83ኛ ወጣ፤ በ2010ም ቫንኩቨር ተመልሷል። ለልምምድ አዲስ አበባ ሲመጣ የሚበቃው ጎማ ያለው ስኪና አስፋልት ነበር።