ደንገሉና ፋብሪካው በአንድ ካርታ ላይ

ባሕር ዳር የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዋን ያገኘችው በ1961 ነው፤ ይህንም ሆነ ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸውን ዓመታት የምንቈጥረው እንደ አውሮፓውያን ነው። በዚያ ፋብሪካ ደመወዝ ልጆቹን ያስተማረና ጎጆ የቀለሰ ሰው ብዙ ስለ ሆነ፥ ፋብሪካ አይምጣብን የሚል ቃል ከእኛ ዘንድ አይሰማም። የምንጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይኸውም ወደ ፊት የሚመጣው ፋብሪካ የት ይቁም የሚለው ነው።

የጣና ሐይቅ ስፋት 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን ጥልቀቱ በአማካይ 10 ሜትር እንኳ አይሞላም። እንዲህ ያለ ሰፊ ነገር ግን ጥልቀት የሌለው ውሃ ከየብስ የሚወርድበትን ሁሉ ሳይውል ሳያድር ይቀበላል። በሐይቁና በየብሱ መካከል የቆመው ዘበኛ በዳርቻው የሚገኘው ደንገልና ረግረግ ነው። ረግረግ ሲባል ብዙዎቻችን የወባ ትንኝ መራቢያ፥ ከብት የሚሰምጥበት፥ እህል የማይዘራበት ስፍራ ይታሰበናል። ይህ አሳብ ፈጽሞ ሐሰት አይደለም፤ ወባውም ጭቃውም እውነት ነው። ይሁን እንጂ ስፍራው ሥራ ፈት አይደለም።

ሥራውም እንደሚከተለው ነው። ከእርሻና ከከተማ በጎርፍ የሚወርደው ውሃ ጥቅጥቅ ካለው ደንገል መካከል ሲገባ ፍጥነቱን ያጣል፤ ፍጥነቱን ያጣ ውሃም የተሸከመውን አፈር ወደ ታች ይጥላል። በሥሩ ዙሪያ የሚኖሩት በዓይን የማይታዩ ሕዋሳት ቆሻሻውን እያብላሉ ይለውጡታል፤ ተክሉም ናይትሮጅንና ፎስፎረስ የተባሉትን ንጥረ ነገሮች እየመጠጠ ያድግባቸዋል። እነዚህ ሁለቱ ወደ ሐይቁ ሳይጣሩ ቢገቡ ግን ሌላ ተክል ያሰባሉ። በ2011 በጣና ላይ መኖሩ የታወቀው እምቦጭ ከሚመገባቸው ነገሮች ዋናዎቹ እነርሱ ናቸው። የእምቦጭን ጥፋት ሁሉ በፋብሪካ ላይ መጫን ግን ፍርደ ገምድልነት ይሆናል፤ ከማሳ ታጥቦ የሚወርደው አፈርና ማዳበሪያ፥ ከየቤታችንም የሚወጣው እጣቢ ድርሻ አላቸው።

ይህን ሥራ በገንዘብ የተመነ አገር በጎረቤታችን ይገኛል። በኡጋንዳ ዋና ከተማ በካምፓላ ናኪቩቦ የሚባል የደንገል ረግረግ አለ። የከተማይቱና የኢንዱስትሪ ሰፈሯ እጣቢ በዚያ አልፎ ወደ ቪክቶሪያ ሐይቅ ይገባል፤ ከተማይቱም የመጠጥ ውሃዋን የምትቀዳው ከዚያው ወሽመጥ ነው። በ1999 የወጣ ጥናት ረግረጉ ውሃ በማጣራት ብቻ በየዓመቱ የሚሰጠው ጥቅም ከ1 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር የማያንስ መሆኑን ገመተ። የኡጋንዳ ሕገ መንግሥትም ከ1995 ጀምሮ ረግረጎችን መንግሥት ለሕዝብ በአደራ እንዲጠብቃቸው ያዝዛል። ይህ ሁሉ ተጽፎ ሳለ ደንገሉ ለጎደሬ እርሻና ለሕንፃ መሠረት ተመነጠረ። የወሽመጡ ውሃ እየደፈረሰ፥ ማጣሪያውም እየተወደደ ሄደ። የከተማይቱም ሕዝብ እየበዛ በመሄዱ ሌላ የውሃ ማጣሪያ በስተ ምሥራቅ ርቆ በካቶሲ ተሠራ። በነጻ ይሠራ የነበረው ሠራተኛ ከተባረረ በኋላ ምትኩ በብድር ይቀጠራል ማለት ነው።

ነገር ግን ረግረግ ያጣራል ስለ ተባለ የፋብሪካ ቆሻሻ መድፊያ ይሁን የሚሉ ሰዎች ካሉ ተሳስተዋል። ቆዳ ለማልፋት የሚያገለግለው ክሮም የተባለ ብረት በስብሶ የሚጠፋ ነገር አይደለም፤ በጭቃው ውስጥ ይከማቻል እንጂ። የፋብሪካው እጣቢ በፋብሪካው ግቢ፥ በፋብሪካው ወጪ መጣራት አለበት። በ2002 የወጣው አዋጅ ቁጥር 299 ሥራ ከመጀመሩ አስቀድሞ በአካባቢ ላይ የሚያደርሰው ተጽዕኖ እንዲመረመር የደነገገውም ስለዚህ ነው።

አስቸጋሪው ነገር ረግረግ በፕላን ነዳፊዎች ዓይን ርካሽ መሬት መምሰሉ ነው። ባለ ይዞታ ገበሬ ስለማይታይበት ካሳ የሚጠይቅ ያለ አይመስልም። ቀያሹ በመጋቢት ቢመጣ ደረቅ ሣር አይቶ ችካሉን ይተክላል፤ በመስከረም ቢመጣ ግን እስከ ጉልበቱ ይጠልቅ ነበር። የጣና ውሃ በክረምት ማብቂያና በበጋ ማብቂያ መካከል ከ1 ሜትር በላይ ከፍና ዝቅ ይላል፤ በሜዳማ ዳርቻ ላይ ይህ ብዙ መሬት ነው። ውሃው የሚመለስበትን ስፍራ ደልድሎ ፋብሪካ የሠራ ሰው በርካሽ የገዛውን መሬት በአፈር ሙሌትና በጎርፍ መከላከያ ደግሞ ይገዛዋል።

ካሳ ጠያቂ የለም መባሉም ቢሆን እውነት አይደለም። ነገደ ወይጦ የሚባሉት ወገኖቻችን ከጥንት ጀምሮ ደንገል አጭደው ታንኳ እየሠሩ፥ ዓሣ እያጠመዱ የኖሩት በዚሁ ዳርቻ ነው። ወደ ደሴቶቹ ገዳማት እህልና መነኮሳት ያመላልስ የነበረውም የደንገል ታንኳ ነው። ደንገሉ ሲጠፋ የሚጎዳው ቤተሰብና በአዲሱ ፋብሪካ የሚቀጠረው ቤተሰብ አብዛኛውን ጊዜ አንድ አይደለም። የመጀመሪያው በእጁ የያዘው ካርታ ስለሌለው በስብሰባ ላይ ቢናገርም የሚሰማው ጥቂት ነው።

ከዳርቻው ከፍ ብሎ ውሃ የማይተኛበት መሬት ለፋብሪካ ይሰጥ፤ መንገድና መብራትም ወደዚያ ይዘርጋ። ከሐይቁና ከሚገቡት ወንዞች ዳር ማንም የማይሠራበት ወርድ ተለክቶ ይከለል። የከተማው ፕላን ለሕዝብ አስተያየት በሚቀርብበት ቀን የቤተሰብ ኃላፊዎች የሆናችሁ አንባብያን በስብሰባው ተገኝታችሁ አንድ ጥያቄ ልታቀርቡ ትችላላችሁ፤ በካርታው ላይ የተሰመረው የውሃ ዳርቻ የመጋቢቱ ነው ወይስ የመስከረሙ?