ጎማው ሲያጉረመርም፦ ኩሽኔታና አላይመንት በገዛ እጃችን

አሜሪካ ውስጥ መኪና የሌለው ስደተኛ እግር እንደሌለው ይቆጠራል። አዲስ መግዛት የማንችል አሮጌ እንገዛለን፤ አሮጌው ይጮሃል፤ ጩኸቱ ጋራዥ ያደርሰናል፤ ጋራዡም የሰማይ ዋጋ ይጠራል። ይህ ጽሑፍ ስለ አንድ ጩኸት ነው።

የኔዋ የ1998 ሞዴል ጂፕ ቼሮኪ ናት (ዓመቶቹ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ይህች መኪና ከ1984 እስከ 2001 ድረስ መልኳ ብዙም ሳይለወጥ የተሠራች ናት። ባለ 4 ሊትሩ ስድስት ሲሊንደር ሞተሯ በጥንካሬው የታወቀ ነው፤ የፊት እግሯ ግን እንደ ሞተሯ አይደለም። ባለፈው መጋቢት እዚህ ቨርጂኒያ በዓመታዊው ምርመራ ወደቀች፤ መስታወቷ ላይ የውድቀት ወረቀት ተለጠፈባት፤ አስጠግኜ እንድመለስ 15 ቀን ተሰጠኝ። የግራ ፊት ኩሽኔታዋ ላልቷል፤ መሪውን ከጎማ ጋር የሚያገናኘው ዘንግ ጫፉ ተበልቷል። አንድ ጋራዥ ሁለቱንም የፊት ኩሽኔታዎች፣ ዘንጉንና አላይመንቱን ጠቅልሎ 1,340 ዶላር ጠየቀኝ። መኪናዋን የገዛኋት በ2,800 ነው። እሷ ከቆመች ደግሞ ባለቤቴ የሌሊት ሥራዋ የምትደርስበት መንገድ የለም፤ በዚያ ሰዓት አውቶቡስ የሚባል ነገር የለም።

ጋራዡን ሌባ ለማለት አይደለም። ኪራይ አለበት፤ ሠራተኛ ይከፍላል። ነገር ግን «ኩሽኔታ ከተቀየረ አላይመንት ግዴታ ነው» የሚለውን አልተቀበልኩትም። በቼሮኪ ኩሽኔታው ከነእምብርቱ አንድ ዕቃ ሆኖ የሚመጣ፣ በሦስት ብሎን ብቻ የሚታሰር ነው። እሱን መቀየር የጎማውን አቅጣጫ የሚወስነውን ዘንግ አይነካም። አላይመንት የሚያስፈልገው ዘንጉ ሲነካ ነው። የላላ ኩሽኔታና የተበላ ዘንግ እያለ የሚሠራ አላይመንት ግን ገንዘብ መበተን ነው፤ ማሽኑ የሚለካው ጎማ ከማሽኑ ሲወርድ ሌላ ቦታ ይገኛል። ስለዚህ አስቀድሞ ልልነቱን ማጥፋት፣ ከዚያ መለካት።

ጩኸቱ ከየት እንደሆነ ማወቅ ቀላል ነው። የኩሽኔታ ድምፅ ከፍጥነት ጋር የሚያድግ ጉርምርምታ ነው። መሪውን ወደ ቀኝ ጠምዘዝ ስታደርጉ የመኪናዋ ክብደት ወደ ግራ ስለሚጋደም፣ በዚያን ጊዜ ጩኸቱ ከባሰ ተጠርጣሪው የግራው ነው። ከዚያ ጎማውን ከመሬት አንሥታችሁ ላይና ታች ይዛችሁ ነቅንቁት፤ የሚንቀጫቀጭ ከሆነ ኩሽኔታው ወይም ጎማውን የሚሸከመው የኳስ መገጣጠሚያ ነው። ግራና ቀኝ ይዛችሁ ስትነቀንቁት ብቻ የሚላላ ከሆነ ደግሞ የመሪውን ዘንግ ተመልከቱ።

ሥራውን የሠራሁት ጋሼ ከምላቸው ወዳጄ ጋር ነው። አዲስ አበባ ጋራዥ ውስጥ ያደጉ፣ እዚህ ታክሲ ነድተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። እኔ የምኖርበት አፓርትማ በመኪና ማቆሚያው ላይ ጥገና ስለሚከለክል በሳቸው ግቢ ሠራን። ጋሼ የእንግሊዝኛውን ስም አይወዱም፤ ለሳቸው ኩሽኔታ ኩሽኔታ፣ ዳዶ ዳዶ፣ ብሎን ብሎን፣ ግራሶ ግራሶ ነው። ጣልያን በአምስት ዓመት ወረራው ትቶልን ከሄደው ነገር ያለ ክርክር የተቀበልነው ይህን የጋራዥ ቋንቋ ሳይሆን አይቀርም። መለዋወጫ መደብር ሄደው «ኩሽኔታ» ቢሉ የሚሰማቸው የለምና አስተርጓሚያቸው እኔ ነበርኩ።

መጀመሪያ ያሉኝ ይህንን ነው፦ «ስማ ልጄ፣ በክሪክ ብቻ የቆመች መኪና ሥር የሚገባ ሰው ኑዛዜውን አስቀድሞ ይጻፍ።» የኋላ ጎማዎቹን በድንጋይ አገድን፤ ከክሪኩ በተጨማሪ ወፍራም የብረት መቆሚያ ከአክስሉ ሥር አስገባን። ጎማውን ካወጣን በኋላ ኮፒሊያውን ነቅለን፣ ባለቤቴ ፍሬን ረግጣ ይዛልን የመሐሉን ትልቅ ዳዶ በ36 ቡሶላ ፈታነው። (ይህን ቡሶላ መግዛት አያስፈልግም፤ እንደ አውቶዞን ያሉ መደብሮች ገንዘብ አስይዘው ያውሳሉ፤ ስትመልሱ ገንዘባችሁን ታገኛላችሁ።) ካሊፐሩን ፈትተን በሽቦ ሰቀልነው፤ በፍሬን ዘይት ቱቦው መንጠልጠል የለበትም። ዲስኩ ወጣ። ከኋላ በኩል ያሉት ሦስቱ ብሎኖች ባለ 12 ጥርስ 13 ቡሶላ ይፈልጋሉ፤ በተራ ቡሶላ ከታገላችኋቸው ራሳቸው ይላጣል።

ፈተናው ከዚያ በኋላ ነው። ብሎኖቹ ወጥተው ኩሽኔታው አልወጣም። በዚህ አገር ክረምት መንገድ ላይ የሚበተነው ጨው የፊት እግርን በዝገት ይበየደዋል። ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት ረጭተን አሳደርነው፤ በማግሥቱ ጋሼ ዙሪያውን በመዶሻ እየቆረቆሩ፣ አንዴ ለኔ አንዴ ለዝገቱ እየተቆጡ፣ አርባ ደቂቃ ፈጀባቸው። የዘንጉን ጫፍ ግን በመዶሻ መምታት ክልክል ነው። አሮጌውን ከአዲሱ ጎን አስቀምጠን አነጻጸርን፤ የገባበትን ጉድጓድ በሽቦ ብሩሽ አጸዳን፤ ለሚቀጥለው ሰው ስንል ስስ ግራሶ ቀባን። ሦስቱ ብሎኖች በ75 ፉት ፓውንድ፣ ትልቁ ዳዶ በ175 ይጠብቃሉ። ይህ ዳዶ ሳይጠብቅ ጎማው መሬት መንካት የለበትም፤ ኩሽኔታውን አንድ ላይ ይዞ የሚያቆየው እሱ ነው።

ሌላ መኪና ያላችሁ እንዳትሳሳቱ፤ ከ1996 እስከ 2002 በተሠራችው ባለ አራት ጎማ ነጂ ቶዮታ ፎርራነር ኩሽኔታው በከባድ መጭመቂያ የሚገባ ስለሆነ በግቢ ሥራ አይሞከርም። አገር ቤት የምናውቃት የጥንቷ ላንድክሩዘር ደግሞ ኩሽኔታዋ ታጥቦ፣ ግራሶ ተሞልቶ የሚመለስ ነው።

ዘንጉን ከለወጥን በኋላ አላይመንቱ ግድ ሆነ። አላይመንት ሦስት ነገር ነው። የጎማው አናት ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ መዘንበሉ (ካምበር) ቼሮኪ ላይ ከፋብሪካ ማስተካከያ የለውም። የመሪው መዞሪያ ወደ ኋላ ማዘንበሉ (ካስተር) በስስ ብረት ሽብልቅ የሚስተካከል የማሽን ሥራ ነው። ጎማ በፍጥነት የሚበላው ግን ሦስተኛው፣ ሁለቱ የፊት ጎማዎች ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ ማየታቸው ነው። እሱ በሜትርና በጠመኔ ይለካል።

የጎማዎቹን ንፋስ እኩል አደረግን፤ ደልዳላ ቦታ ላይ መሪውን ቀጥ አደረግን። ሜትሩ ያለ እንቅፋት በሚያልፍበት ከፍታ፣ ከሁለቱም የፊት ጎማዎች ጀርባ በኩል ጥርሱ ላይ ቀጭን መስመር አሠመርን፤ በመስመሮቹ መካከል ያለውን ርቀት ለካን። ከዚያ መኪናዋን ወደፊት ገፋናት። መስመሮቹ ዞረው በፊት በኩል በዚያው ከፍታ ሲደርሱ እንደገና ለካን። ሁለቱንም ጊዜ የሚለካው አንድ ምልክት ስለሆነ ቸርኬው ጠማማ ቢሆን እንኳ ልኩ አይሳሳትም። የፊተኛው ርቀት ከኋለኛው ከ1/16 እስከ 1/8 ኢንች ቢያንስ መልካም ነው። የኛ በ3/8 ሰፍቶ ተገኘ፤ ጎማዎቹ እንደተኳረፉ ባልና ሚስት ወዲያና ወዲህ ያያሉ። የዘንጉን ማሰሪያዎች አላልተን መሐሉ ላይ ያለውን ቱቦ ትንሽ አዞርን፤ መኪናዋን ወደፊትና ወደኋላ ነድተን ዳግም ለካን። በአራተኛው 1/8 ላይ ቆመ። መሪው ትንሽ ወደ ግራ ስለተጋደመ በሌላኛው ረጅም ዘንግ ላይ ያለውን ቱቦ አዙረን አቃናነው፤ ማሰሪያዎቹን ሁሉ አጠበቅን።

ኩሽኔታው 95፣ ዘንጉ ከነጫፎቹ 84 ዶላር ወጣባቸው። ጎማዎቹ አዲስ ስለነበሩ 100 ዶላር ከፍዬ በማሽን አስለካሁ፤ ጋሼ ቅር ብሏቸዋል። የወጣው ወረቀት ልካችን ደንቡ ውስጥ መሆኑን ስላሳየ ባለሙያው ምንም አልነካም። ወረቀቱን ጋሼ ወስደው ቤታቸው አስቀምጠውታል። በ11ኛው ቀን ወደ ምርመራው ተመለስኩ፤ መኪናዋ አለፈች። ከ50 ማይል በኋላ የጎማውን ዳዶዎች ደግሜ አጠበቅሁ። ጋራዡ አብሮ ሊቀይረው የነበረው የቀኙ ኩሽኔታ እስካሁን ዝም ብሏል፤ ዘይት በቀየርኩ ቁጥር ጎማውን አንሥቼ እነቀንቀዋለሁ።